ጋሽ ተክለማርያም ከቆርቆሮው ውጭ ስለቀሩበት ሐሙስ

ይድረስ ለክቡር አቶ ባምላኩ፣
የጮራ እግር ኳስ ክለብ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ካሉ በቢሮዎ፣ ከሌሉም በቴሌቪዥን፤

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ በፊት ደህንነትዎን እጠይቃለሁ። እኔ፣ ምስጋና ለፈጣሪ፣ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ለእርስዎም ጤናዎ እንደ ክለባችን ደረጃ ቁልቁል የሚሄድ ሳይሆን እንደ ክለባችን አዲስ አጥር ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ዕድሜዎም እንደሚያሰናብቷቸው አሰልጣኞች ዘመን ያጠረ ሳይሆን በቴሌቪዥን እንደሚሰጡት መግለጫ የረዘመ እንዲሆን ከልቤ እመኝልዎታለሁ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ላስገባልዎ አስቤ ነበር። ነገር ግን የደብዳቤ መቀበያው መስኮት ከግቢው ውስጥ ነው፤ ግቢው ያለ ባጅ አይገባም፤ ባጅ ለማግኘት ደግሞ በደብዳቤ ማመልከት ያስፈልጋል ተባልኩ። ነገሩ ዙሪያ ጥምጥም ቢሆንብኝ ታክሲ ፌርማታው ላይ ካለው የመብራት እንጨት ላይ ለጥፌዋለሁ። እርስዎ ባያነቡት እንኳ ወደ አየር ጤና የሚሄድ ሰው ሁሉ ሰልፍ እየጠበቀ ያነበዋል።

ማን ነው የሚጽፍልኝ ብለው እንዳይቸገሩ ራሴን ላስተዋውቅ። ክለብዎ በታሪኩ ያገኛትን አንዲት ዋንጫ፣ ያቺን ከወንበርዎ ጀርባ አስቀምጠው ፎቶ የሚነሱባትን ዋንጫ ያመጣችውን ጎል ያገባሁት እኔ ነኝ። እርግጥ ነው፣ በእግሩ የመታት ሌላ ሰው ነው። እኔ ከጎሉ ጀርባ፣ ከመረቡ አንድ ክንድ ርቄ ተቀምጬ ነበር፤ ኳሷ ስትነሳ የተጋጣሚያችንን በረኛ በስሙ ጠራሁት፣ እሱም ጨዋ ያሳደገው ልጅ ስለነበር «አቤት» ብሎ ዞረ። ሙሉ በሙሉ ዞረ አልልም፤ አንገቱን ነው። ለመታት ሰው ግን የአንገት ያህል ይበቃዋል። የዛሬ በረኛ ወላጅ እናቱ ብትጠራው አይዞርም፤ ለእናቱም ቢሆን መልስ የሚሰጠው በክለቡ የሕዝብ ግንኙነት በኩል ነው።

ስሜ ወዬሳ ያደሳ ይባላል። ከልምምድ ሜዳው በር ፊት ለፊት ጫማ ስሰፋ አርባ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ በክለባችሁ ታሪክ ውስጥ ከእጄ ያላለፈ ታኬታ፣ ወስፌዬን ያልቀመሰች ኳስ አልነበረችም። ፊደል የቆጠርኩት ግን ዘንድሮ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ የቀበሌው የትምህርት ሰዓት ከሐሙስ ልምምድ ጋር ስለተጋጨብኝ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ፤ መረጥኩም። ዘንድሮ ግን እርስዎ ልምምዱን እዚህ ትተው ጨዋታውን ከከተማችን ይዘው ስለሄዱ ማታ ማታ የምንከራከርበት ነገር ጠፋ፤ እኔም ሥራ ስፈታ የማታ ትምህርት ገባሁ። ስለዚህ ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎት ማለት ይቻላል። ከክፍሌ አንደኛ ነኝ። ክፍሉ ሰባት ተማሪ ነው፤ ሦስቱ ብዙ ጊዜ አይመጡም። መምህሬ ወይዘሪት ፅዮን «ደብዳቤ ቅሬታ ሲኖረው በቁጥር ይቀመጣል» ብለው ስላስተማሩኝ፣ ቅሬታ ባይኖረኝም ምስጋናዬን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሜዳችን።

የሜዳችንን ጨዋታ ለማየት ስድስት ሰዓት በአውቶቡስ እንድንጓዝ ስላደረጉን አመሰግናለሁ። ውድድሩ ክለቦቹን በአንድ ከተማ ሰብስቦ የሚካሄድ መሆኑን፣ ይህም የእርስዎ ብቻ ውሳኔ አለመሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም «ደጋፊዎቻችን ከቤታቸው ሆነው በምቾት ይከታተላሉ» ብለው ሲናገሩ አይቼዎታለሁ፤ ምቾት የሚለው ቃል ላይ ሲደርሱም ፈገግ ብለዋል። በእኛ ጊዜ የሜዳችን ጨዋታ የሚባለው እሁድ ምሳ ተበልቶ ከኮልፌ እስከ ስታዲየም በእግር የሚኬድበት፣ ከተሸነፍን ደግሞ ሳንነጋገር በእግር የምንመለስበት ነበር። ተጫዋቾቹም የሚመለሱት ከእኛው ጋር ነው። የራሱ መረብ ላይ ያገባ ተከላካይ ከጦር ኃይሎች እስከ ኮልፌ ድረስ ከተናደደ ደጋፊ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሲራመድ የሚቀስመውን ትምህርት የትኛውም ከውጭ የመጣ አሰልጣኝ አይሰጠውም። አሁን ቴሌቪዥኑ «ጮራ በሜዳው» ባለ ቁጥር ከመቀመጫዬ ተነስቼ ወደ መንገዱ እወጣለሁ። ሜዳው እዚሁ ነው። በሩ ተቆልፏል፣ ሣሩ ላይ ማንም የለም። ተመልሼ እገባና እርስዎ ሲያጨበጭቡ አያለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ማሊያ።

የዘንድሮ ተጫዋች በነፍስ ወከፍ ሦስት ዓይነት ማሊያ እንዳለው፣ ልብሱም በማሽን እንደሚታጠብ በክለቡ ገጽ ላይ አይቼ ደስ ብሎኛል። በአሰልጣኝ ገረሱ ዘመን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ክለቡ የነበረው አሥራ አራት ማሊያ ነው፤ የሚያጥቡትም እዚሁ ከሜዳው ጀርባ የሚኖሩት እትዬ ዋጋነሽ ነበሩ። ጋሽ ገረሱ ለእጥበት የሚልኩት ለእሁዱ ጨዋታ የሚያሰልፏቸውን የአሥራ አንዱን ብቻ ነበር፤ ተቀያሪ አያልበውም፣ ላብ ያልነካው ልብስ ሳሙና አይፈጅም የሚል የጸና እምነት ነበራቸው። እትዬ ዋጋነሽ ደግሞ እንደማንኛውም ሰው ባገኙት ገመድ ላይ አያሰጡም። የበረኛውን ማሊያ ከግቢያቸው ጥግ ለብቻው፣ ከፊቱ ባለው ገመድ ተከላካዮቹን፣ በሁለተኛው አማካዮቹን፣ በመንገዱ በኩል ባለው ገመድ አጥቂዎቹን ያሰጡ ነበር። ዓርብ ከሰዓት የኮልፌ ሰው ከሥራ ሲመለስ በእትዬ ዋጋነሽ አጥር ላይ አንገቱን አስግጎ የእሁዱን አሰላለፍ ያነባል። «ቁጥር ስድስት የለም፣ ምን ሆኖ ነው?» ይላል አንዱ። «ባለፈው ሳምንት ሠርጉ ነበር፣ ገና እግሩ አልተመለሰም» ይሉታል። ክርክሩ እስከ ቅዳሜ ይዘልቃል። ሀ ሁን ሳልለይ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ሳልሳሳት ያነበብኩት ጽሑፍ ያ ገመድ ብቻ ነበር።

አንድ ጊዜ ተጋጣሚያችን ይህን ሰምቶ ሰላይ ላከብን። ሰውየው እኔ ዘንድ መጣና ጫማውን አውልቆ «ይሰፋልኝ» አለ። ጫማው ምንም አልሆነም፤ ዓይኑ ደግሞ ከገመዱ አይነቀልም። እኔም ክር ላምጣ ብዬ ተነስቼ ለእትዬ ዋጋነሽ ነገርኳቸው። እሳቸው ምንም እንዳልሰማ ሰው ቀስ ብለው ወጡ፣ ቁጥር አሥራ አንድን ከግራ አነሱና በቀኝ አሰጡት። እሁድ ዕለት የተጋጣሚያችን ጠንካራ ተከላካይ በዚያ በኩል ቆሞ ቁጥር አሥራ አንድን ሲጠብቅ ዋለ፤ ቁጥር አሥራ አንድ ግን በግራ መስመር እንደ ገዛ ግቢው ሲመላለስበት ዋለ። ሁለት ለባዶ።

ቁጥር አሥራ አንድ ጋሽ ተክለማርያም ናቸው፤ ያቺን የዋንጫ ጎል የመቱት። እትዬ ዋጋነሽ የእሳቸውን ማሊያ ከሌሎቹ ለይተው በሁለት ውኃ እንደሚያለቀልቁ ሰፈሩ ያውቅ ነበር፤ በኋላም ተጋቡ።

ዛሬ ክለቡ አሰላለፉን ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው በስልካችን ይልክልናል፤ ለዚህም አመሰግናለሁ። ከአሥራ አንዱ ውስጥ ኮልፌ ላይ ዳቦ ሲገዛ የታየ አንድም ሰው የለም። ልጆቹን አልወቅስም። መስኮቱ በጠቆረ መኪና ታመጧቸዋላችሁ፣ መስኮቱ በጠቆረ መኪና ትወስዷቸዋላችሁ፤ እኛ የመኪናውን ታርጋ በቃል ይዘናል።

ሦስተኛ፣ ስለ አጥሩ።

እዚህ ላይ ምስጋናዬ ስለሚበዛ ቁጭ ብለው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። የልምምድ ሜዳው በሽቦ ታጥሮ ሲኖር ያለፈ ያገደመው ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር፤ እርስዎ ግን ከሰው ቁመት አንድ ክንድ የሚበልጥ ቆርቆሮ በዙሪያው አቁመው ከማየት ገላግለውናል። በቆርቆሮው ላይ ትልቅ ባነር አሰቅለዋል። በባነሩ ላይ ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛው እርስዎ ነዎት፣ በከረባት። ሁለተኛው ጋሽ ተክለማርያም ናቸው፣ በሃያ ስምንት ዓመታቸው፣ ግራ እግራቸውን አንስተው። ከሥሩ «ታሪካችን ኩራታችን» ይላል። ራሴ ነኝ ያነበብኩት።

ጋሽ ተክለማርያም ዛሬ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ዓይናቸውም ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም። ላለፉት አሥራ ሁለት ዓመታት ሐሙስ ሐሙስ በአሥር ሰዓት ክንዳቸውን ይዤ በግራ መስመር በኩል ወዳለው የነባሮች አግዳሚ ወንበር አደርሳቸው ነበር። አግዳሚው ላይ መጀመሪያ አምስት ነበሩ፤ አራቱን ቀብረናል። አዲስ የፈረመ ተጫዋች ኳስ ከመንካቱ በፊት መጥቶ የነባሮቹን ጉልበት ይስማል። ይህን ደንብ ማንም አልጻፈውም፣ እርስዎ እስኪመጡ ድረስ ግን ማንም አላፈረሰውም።

ማየት ለማይችል ሰው ልምምድ ምን ያደርግለታል ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ጋሽ ተክለማርያም ኳስን የሚያዩት በጆሯቸው ነው። በውስጥ እግር የተመታችውን፣ በአውራ ጣት የተመታችውን፣ ሳትመታ ሾልካ ያለፈችውን ይለያሉ። አንድ ቀን የአንዱን ተከላካይ ሩጫ ሰምተው «ይሄ ልጅ ጫማው ጠቦታል» አሉኝ፤ ልምምዱ ሲያልቅ ጠርቼ ብለካው አንድ ቁጥር ጠቦት አገኘሁት። ስለዚህ የክለቡ ቢሮ «በቴሌቪዥን ይከታተሉ» ሲል የሰጣቸው ምክር እጅግ የታሰበበት ነው። በቴሌቪዥን ኳሷ አትሰማም። የሚሰማው ኳሷን ነክቶ የማያውቅ ሰው ስለ ኳሷ ሲናገር ነው።

አሁን አንድ ኃጢአቴን መናገር ግድ ሆነብኝ፤ ያለዚያ ቀጣዩ አይገባዎትም። የጋሽ ተክለማርያም ዓይን ከደከመ ጀምሮ ሰኞ ሰኞ የስፖርት ጋዜጣ አነብላቸው ነበር። እንግዲህ እኔ ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። ጋዜጣውን እዘረጋለሁ፣ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፣ «ጮራ ሦስት፣ ተጋጣሚው ባዶ» እላለሁ። በእኔ ጋዜጣ ጮራ አሥር ዓመት ሙሉ አልተሸነፈም። አንዳንዴ በርጩማው ላይ ተመቻችተው ሳሉ «ወዬሳ፣ ይሄ ጋዜጣ ጥሩ ነው፤ ማን ነው የሚያሳትመው?» ይሉኝ ነበር። «ትልቅ ማተሚያ ቤት ነው» እላቸዋለሁ። «ያስታውቃል» ይላሉ።

ክቡር ሆይ፣ ወደዚያ ሐሙስ ልምጣ። እንደ ልማዳችን በአሥር ሰዓት ከበሩ ደረስን። በሩ ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። እኔ ያን ጊዜ ከወይዘሪት ፅዮን ዘንድ መማር ከጀመርኩ ስድስተኛ ወር ላይ ነበርኩ፣ ያየሁትን ሁሉ ማንበብ ያምረኛል፤ ለታክሲ ታፔላ እንኳ አልራራም። ጋሽ ተክለማርያምን አቁሜ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት፦ «ከክለቡ አባላት በስተቀር ወደ ውስጥ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው።» ካነበብኩት በኋላ ነው ምን እንዳነበብኩ የገባኝ።

ጋሽ ተክለማርያም ሳቁ። «ዛሬስ መጥፎ ጋዜጣ ነው የያዝከው» አሉኝና ክንዳቸውን ከእጄ አላቀው ወደ በሩ ቀጠሉ፤ መንገዱን እግራቸው ያውቀዋል። ዘበኛው ማሙሽ ከወንበሩ ተነስቶ ፊታቸው ቆመ። «አባባ፣ ባጅ የሌለው እንዳይገባ ተብያለሁ» አላቸው። ጋሽ ተክለማርያም ትከሻውን መታ መታ አደረጉና «ወዬሳ አንተንም አስተማረህ?» አሉት። ማሙሽ እኔን አየኝ፣ እኔ መሬት አየሁ። «አባባ፣ ቀልድ አይደለም። ወረቀቱ እንደሱ ነው የሚለው፤ እኔ ታዝዤ ነው» አለ። ድምፁ ሲሰበር እሳቸውም ሰሙት፤ የኳስን የሚሰማ ጆሮ የሰውን አያጣውም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «እውነትም አንብበኸዋል ማለት ነው?» አሉኝ። «አንብቤዋለሁ» አልኳቸው። እጃቸውን ዘርግተው ራሴን ፈለጉና ዳበስ አደረጉኝ። «ጎበዝ» አሉ። «እንኳን ደስ ያለህ፤ ማንበብ ችለሃል።»

ክቡር ሆይ፣ በዓመቱ መጨረሻ የምስክር ወረቀት ይሰጠናል ተብለናል። እኔ ግን የተመረቅኩት ያን ዕለት፣ በክለብዎ በር ላይ፣ በእርስዎ ወረቀት ነው። ለዚህ የሚበቃ ምስጋና ገና ስላልተማርኩ ባዶውን አልፌዋለሁ።

ስንመለስ፣ ልባቸው እንዲጠገን ብዬ፣ ፎቶአቸው አጥሩ ላይ በትልቁ እንዳለ ነገርኳቸው። ቆም አሉ። «ወዴት ነው የሚያየው?» አሉኝ። ወደ መንገዱ ነው አልኳቸው። «እሱም ሜዳውን አያይማ» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አራተኛውን ወይዘሪት ፅዮን አንብበው «ይሄ ምስጋና አይደለም፣ ስድብ ነው» ስላሉኝ ሰርዤዋለሁ። የጻፍኩት ግን በጥሩ እጅ ጽሑፍ ነበር።

አምስተኛ፣ ስለ ሁለተኛው ወረቀት።

በቀጣዩ ሐሙስ በርጩማዬን ይዤ ጋሽ ተክለማርያምን ከአጥሩ ሥር፣ በግራ መስመሩ ትይዩ አስቀመጥኳቸው። ቆርቆሮ ለጆሮ ደግ ነው፤ ከሽቦው ይልቅ ያስተጋባል፣ ይህን ሳያውቁ ስላደረጉልን አመሰግናለሁ። ጆሯቸውን አስጠግተው ሲሰሙ ቆዩና «የግራ ክንፉ ልጅ ኳስ ከመቀበሉ በፊት ሁለቴ ይረግጣል፤ የሆነ ሰው አስፈራርቶታል» አሉ። ከዚያ በከዘራቸው ቆርቆሮውን ሁለቴ መቱና «አንዴ ርገጥና ሂድ፤ ወደኋላህ አትይ» ብለው ተናገሩ። ውስጥ ጸጥ አለ። ቀጥሎ ኳሷ ተመታች፣ ቀጥሎ ቋሚው ጮኸ፣ ቀጥሎ ሰዎች ሳቁ፤ የደስታ ሳቅ ነበር። ሦስት ሐሙስ እንዲህ አለፈ። በአራተኛው ሳምንት ያ የግራ ክንፍ በቴሌቪዥን አንዴ ረግጦ ሄደና ክለባችሁ ከሁለት ወር በኋላ የመጀመሪያውን ነጥብ አገኘ። ከከዘራው ጋር ይገናኛል ለማለት አልደፍርም። እሺ፣ እላለሁ፤ ይገናኛል።

ክለቡም ወዲያው ምስጋናውን ላከ። ሰኞ ዕለት በባነሩ ሥር፣ ከጋሽ ተክለማርያም ግራ እግር ዝቅ ብሎ፣ ሁለተኛ ወረቀት ተለጠፈ፦ «አጥሩን መደገፍ፣ መደብደብና በአጥሩ ሥር መቀመጥ ያስቀጣል።» ሐሙስ ሲደርሱ አነበብኩላቸው። ልዋሽ እችል ነበር፤ የአሥር ዓመት ልምድ አለኝ። ነገር ግን አንዴ ጎበዝ ካሉኝ በኋላ ምላሴ እምቢ አለኝ። በዚህ ጊዜ አልሳቁም። «ቤት አድርሰኝ» ብቻ ነው ያሉት።

ከዚያ ወዲህ አራት ሐሙስ አለፈ። በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ልወስዳቸው ስሄድ «እግሬን አሞኛል» ይሉኛል። ይህ ሰው ተከላካይ ቁርጭምጭሚቱን ሰብሮት እንኳ እግሬን አሞኛል ሲል ሰምቼ አላውቅም። እትዬ ዋጋነሽ በር ድረስ ሸኝተውኝ «ሐሙስ ሲሆን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤ ምሳውንም አይነካም። በሌላው ቀን ደህና ነው» አሉኝ። የሚታጠብ ማሊያ የለም፤ ገመዱ ግን እስከ ዛሬ አልተፈታም።

እንግዲህ ክቡርነትዎ እስካሁን ያነበቡት ምስጋና ነበር፤ ከዚህ በታች ያለው ጉዳይ ነው።

ማንበብ የጀመረ ሰው አይታመንም። የክለቡን መተዳደሪያ ደንብ ከአንድ የቀድሞ ጸሐፊ ቤት፣ ከእቃ ሣጥን ሥር አግኝቼ በየምሽቱ እያነበብኩ ነው። በቀን ግማሽ ገጽ እጓዛለሁ። ገጽ አራት ላይ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ለክለቡ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የተጫወተ ማንኛውም ተጫዋች የክለቡ የዕድሜ ልክ አባል ነው።» ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አራተኛ ወይዘሪት ፅዮንን አስነበብኩ። ጋሽ ተክለማርያም አሥራ አንድ ዓመት ተጫውተዋል። በርዎ ላይ የለጠፉት ወረቀት ደግሞ «ከክለቡ አባላት በስተቀር» ይላል። እንግዲህ ወረቀትዎና ደንብዎ ሲገናኙ፣ ጋሽ ተክለማርያም ገቢ ናቸው። እርስዎ የትኛው ገጽ ላይ እንዳሉ ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በመጪው ሐሙስ በአሥር ሰዓት በሩ ይከፈት፣ ጋሽ ተክለማርያም በግራ መስመር ዳር ይቀመጡ። ባጅ አንፈልግም፤ ባጅ ለማይታወቅ ሰው ነው፣ የእሳቸው ፊት ደግሞ አራት ሜትር ሆኖ አጥሩ ላይ አለ። አግዳሚ ወንበሩን አንስታችሁት ከሆነ አትቸገሩ፣ እኔ በርጩማ ይዤ እመጣለሁ። የሚስመው ጉልበት ስላጣ ነው መሰለኝ የዘንድሮ ፈራሚ እግሩን አጥብቆ የማያነሳው፤ ያም ያለ ተጨማሪ ምክር ይስተካከላል።

ይህ ካልሆነ እኔ ምንም አላደርግም። አልጮህም፣ ድንጋይ አላነሳም፣ አጥሩንም አልደገፍም። ገጽ አምስትን አነባለሁ እንጂ። «ስለ ጠቅላላ ጉባኤ» የሚል ርዕስ አለው፤ በየዓመቱ ይጠራል የሚል ነገር ገና ከሩቁ አይቻለሁ። የማነበው ደግሞ እንደ ልማዴ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በታክሲ ፌርማታው ላይ፣ በሥራ መውጫ ሰዓት ነው። ቀስ ብዬ ስለማነብ ሁሉም ሰው ይደርስበታል።

ጋሽ ተክለማርያም ይህን ደብዳቤ መጻፌን ሲሰሙ ለክቡርነትዎ የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ ብለዋል፤ ለጤናዎና ለቤተሰብዎም ጸልየዋል። የዚያ ዘመን ሰዎች እንዲህ ናቸው።

ለእርስዎ ባለኝ ከፍ ያለ፣ ከአጥሩ ግን ጥቂት ዝቅ ባለ አክብሮት፣ ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ካልሰጡኝም ስለወሰድኩብዎ እያመሰገንኩ፣ በሚመጣው ሐሙስ በአሥር ሰዓት በርዎ ላይ ቆሜ እንደምጠብቅዎ በትሕትና አስታውቃለሁ።

ወዬሳ ያደሳ
ጫማ፣ ታኬታና ኳስ ሰፊ፣
የማታው ክፍል አንደኛ፣
ባጅ አልባ፤
ኮልፌ ቀራንዮ

ከፊርማዬ በታች፦ ወይዘሪት ፅዮን ይህን ሁሉ አርመው ሲያበቁ «እዚህ ውስጥ የፈጠርከው አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ደብዳቤውን የጻፈ እጅ ስለሚጠየቅ እናገራለሁ፤ አንድ ብቻ አለ፣ ሰላምታው። ጋሽ ተክለማርያም ሰላምታ አላኩም። «ለአቶ ባምላኩ ምን ብዬ ልጻፍልዎ?» ብዬ ስምዎን ከነማዕረግዎ ጠርቼ ጠይቄያቸው ነበር። ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ፣ ስሙን ሁለት ጊዜ ለራሳቸው ደገሙት፣ ሲያስቡ ቆዩ። ከዚያ «አላስታወስኩትም» አሉኝ። «ምን ቦታ ነው የሚጫወተው?»